ከማጭድ መሳያ ድንጋይ እስከ አክሱም ሐውልት

ስለ ማዳበሪያና ስለ ምርጥ ዘር ሌሎች ብዙ እንደሚጽፉ ስለማውቅ እኔ በየቤታችን ደጃፍ ስላለው የመሳያ ድንጋይ ታሪክ ጥቂት ላውጋችሁ።

አጨዳ ሲደርስ በመካነ ኢየሱስ ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች ስዘዋወር አርሶ አደሩ ድንጋዩን ውኃ እያስነካ ማጭዱን ሲስል አያለሁ። ውኃው ለምን እንደሆነ አንድ አባት ብጠይቃቸው «ብረቱ እንዳይግል፣ ድንጋዩም እንዳይደፈን ነዋ ልጄ» አሉኝ። በዲፕሎማ ትምህርቴ ይህን ማንም አላስተማረኝም። ድንጋዩ የሚስለው በውስጡ ባሉት ጥቃቅን የአሸዋ ቅንጣቶች ነው። ኳርትዝ የሚባለው የአሸዋ ማዕድን በጥንካሬ ሚዛን ከ10 ወደ 7 ሲጠጋ፣ ተራ ብረት 4 ወይም 5 ገደማ ነው። ጠንካራው ለስላሳውን ይፍቃል፤ የዛሬው ብርጭቆ ወረቀትና ግራይንደርም የሚሠሩት በዚሁ ሕግ ነው።

የሙያው ዕድሜ ግን ከብረትም ይቀድማል። ጥንታውያን ግብፃውያን ጠንካራ ድንጋይ የሚቆርጡት ጥርስ በሌለው የመዳብ መጋዝ ሥር አሸዋ እየጨመሩ ነበር፤ ቆራጩ አሸዋው እንጂ መዳቡ አልነበረም። ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒ በአውሮፓ አቆጣጠር በ77 ዓ.ም. ገደማ በጻፈው መጽሐፉ እብነ በረድ ለመሰንጠቅ ከሁሉ የሚመረጠው የኢትዮጵያ አሸዋ እንደሆነ፣ የሕንዱ ግን እንደ እሱ አለስልሶ እንደማይቆርጥ ገልጿል። ሮማውያን ኢትዮጵያ የሚሉት ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን አገር ሁሉ ስለነበር አሸዋው ከእኛ ሰፈር ሄደ ብለን መኩራራት አይገባንም። ቢሆንም አሸዋ ተጭኖ ባሕር ይሻገር እንደነበር ማወቁ በራሱ ያስገርማል።

የአክሱምን ሐውልቶች ያየ ሰው የድንጋይ ማለስለስን ሙያ አይረሳም። የወደቀው ትልቁ ሐውልት ርዝመቱ 33 ሜትር፣ ክብደቱ 520 ቶን ገደማ ይገመታል። ድንጋዩ የተፈለጠው ከከተማው በስተምዕራብ 4 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከሚገኘው ከጎቦ ድራ ኮረብታ ሲሆን፣ የሽብልቅ ጉድጓዶቹ እስከ ዛሬ ይታያሉ። እንዲህ ያለ ጠንካራ ድንጋይ በአንድ ጊዜ አይለሰልስም፤ ይፈለጣል፣ ይወቀራል፣ በመጨረሻም ይፈገፈጋል። እናቶቻችን ደግሞ የዚህን ግልባጭ ያውቁታል፤ ወፍጮው ሲለሰልስ እህል አልይዝ ስለሚል መልሰው ይወቅሩታል።

በእኛው አካባቢም ሙያው በቤተ ክርስቲያን ጥላ ሥር ኖሯል። ጋይንት ውስጥ የድጓ ትምህርት መዲና የሆነችው ቤተልሔም ትገኛለች፤ ድጓ ደግሞ ያለ ብራና አይጻፍም ነበር። ብራና ፋቂው የፍየሉን ቆዳ ዘፍዝፎ፣ በእንጨት ወጥሮ፣ ሥጋውን በቢላዋ ካነሣ በኋላ ቀዳዳ በበዛበት ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ይፈገፍገዋል። ይህ ካልተደረገ ቀለሙ አይዝም። ሸክላ ሠሪዋም እንስራውን ከመተኮሷ በፊት በለስላሳ ጠጠር ታሸዋለች፤ ገጹ ጠበቅ ስለሚል ውኃ አያባክንም።

የሚያሳዝነው ሥራው ሲከበር ሠሪው መናቁ ነው። በጎንደር አገር ከቀጥቃጮቹና ከሸክላ ሠሪዎቹ ብዙዎቹ ቤተ እስራኤላውያን ነበሩ፤ ማረሻቸውን እየገዛን «ቡዳ» እንላቸው ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው መስደብን በአዋጅ ከልክለዋል፤ ስድቡ ግን አዋጁን አልሰማም። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ከ14 ሺህ በላይ ቤተ እስራኤላውያን ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ሲወሰዱ ሙያውም አብሯቸው ሄደ። በየገጠሩ የቀሩት ቀጥቃጮች ጥቂት ናቸው።

ባለፈው ዓመት በአንድ መሠረታዊ ማኅበር ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀበሌው ቀጥቃጭ አባል ይሁን ብዬ ሐሳብ ሳቀርብ ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ሰውየው በሩ አጠገብ ተቀምጦ ይሰማ ነበር፤ ቃል አልተነፈሰም። ስብሰባው ሲበተን ግን ከሳቁት ሁለቱ የደነዘ ማረሻቸውን ይዘው ተከትለውት ሲሄዱ አየሁ።