የሳንባ ነቀርሳ ወደ ኢትዮጵያ መቼ ገባ?



እ.ኤ.አ. በ2018 ተመርቆ የተከፈተውን የአዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ የጎበኘ ሰው አስቀድሞ የሚያስተውለው የአዳራሾቹን ስፋትና በስፌት መኪና ላይ ያጎነበሱትን ወጣቶች ነው። በእንዲህ ያለው ሥራ ላይ ከሚሰማሩት ወጣቶች ብዙዎቹ ከገጠር የመጡ ናቸው። የሕክምና ታሪክ እንደሚያስረዳን ግን፣ የገጠር ሰው ወደ ፋብሪካ ከተማ በተሰበሰበ ጊዜ ከኋላው ተከትሎ የሚገባ አንድ የታወቀ በሽታ አለ፤ ይኸውም የሳንባ ነቀርሳ፣ በዛሬው አጠራር ቲቢ ነው። በ19ኛው ምዕተ ዓመት በእንግሊዝ የፋብሪካ ከተሞች ይህ በሽታ እጅግ ብዙ ሕዝብ ፈጅቷል። ዛሬ የማቀርብላችሁ ንግግር ይህ በሽታ ወደ አገራችን መቼ ገባ የሚለውን ጥያቄ የሚመለከት ነው። ጥያቄው የታሪክ ብቻ መስሎ ከታያችሁ ጥቂት ታገሡኝ።

በ20ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ በደቡብ አፍሪካ የወርቅ ጉድጓዶች የሚሠሩ ጥቁሮች በነቀርሳ ባለቁ ጊዜ፣ የኤውሮፓ ሐኪሞች «ድንግል መሬት» የተባለውን አስተሳሰብ አስፋፉ። እንደ እነርሱ አባባል ነቀርሳ በአፍሪካ ያልነበረ፣ ከኤውሮፓውያን ጋራ የመጣ አዲስ በሽታ ነው፤ የአፍሪካዊውም ሰውነት እንዳልታረሰ መሬት ስለ ሆነ፣ የበሽታው ዘር በወደቀበት ጊዜ ያለ ከልካይ ይበቅላል። ይህ አባባል ለማዕድኑ ባለቤቶች ምን ያህል እንደ ተመቻቸው ልብ በሉ። ጥፋቱ በሠራተኛው ደም ላይ ከተጣለ፣ ሳንባን የሚያቈስለውን የድንጋይ አቧራና ሰዎቹ ተጨናንቀው የሚያድሩበትን ቤት ማን ይመረምረዋል? አስተሳሰቡን ለመመርመር ማስረጃ ያስፈልግ ነበር። ማስረጃውም ከብዙ ዘመን በኋላ የተገኘው ከበሽታው ዘር ከራሱ፣ በከፊልም ከወልድያ ሕሙማን ነው።

እንዴት እንደ ተነበበ ለመረዳት ከሕክምና ጥቂት ርቀን ወደ ፊዚክስና ወደ ሒሳብ እንሂድ። ሳልቫዶር ሉሪያ በጣልያን አገር በቶሪኖ የተወለደ ሐኪም ነበር። አይሁዳዊ በመሆኑ፣ የፋሺስቱ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1938 ባወጣው የዘር ሕግ ምክንያት አገሩን ለቅቆ በፓሪስ በኩል ወደ አሜሪካ ተሰደደ። ያው መንግሥት በዚያው ዘመን በእኛ አገር ያደርግ የነበረውን ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። ማክስ ዴልብሩክ ደግሞ በርሊን የተወለደ፣ ንድፈ ሐሳባዊ ፊዚክስ የተማረና ከኒልስ ቦር ጋራ የሠራ ሊቅ ሲሆን፣ ከናዚዎች አገር እ.ኤ.አ. በ1937 ወጣ።

ሁለቱ ስደተኞች የያዙት ጥያቄ ይህ ነበር። ባክቴሪያን የሚገድል ቫይረስ ሲጨመርባቸው፣ ከሚሊዮኖቹ ባክቴሪያዎች ጥቂቶች ይተርፋሉ፤ ከእነርሱ የሚራቡትም ቫይረሱን ይቋቋማሉ። ታዲያ እነዚህ ጥቂቶች መቋቋምን ያገኙት ከቫይረሱ ጋራ በተጋጠሙ ጊዜ ነውን? ወይስ ቫይረሱ ሳይመጣ አስቀድሞ እንዲያው በዕድል ተለውጠው ነበር? እ.ኤ.አ. በ1943 ሉሪያ በአንድ የዩኒቨርስቲ የዳንስ ምሽት ላይ ባልደረባው በቁማር መኪና ሲጫወት ይመለከት ነበር። መኪናው ብዙ ጊዜ ምንም አይሰጥም፤ አልፎ አልፎ ግን ገንዘቡን ያፈሰዋል። ከዚህ ሐሳብ መጣለት። ለውጡ በግጥሚያው ጊዜ የሚመጣ ከሆነ፣ ለየብቻ ባደጉት ብልቃጦች ሁሉ የሚተርፉት ቁጥር ተቀራራቢ ይሆናል። አስቀድሞ በዕድል የሚመጣ ከሆነ ግን፣ ለውጡ ቀደም ብሎ የደረሰበት ብልቃጥ ብዙ ተወላጆች ስለሚያፈራ፣ ቁጥሩ እንደ ቁማር መኪናው ከፍና ዝቅ ይላል። ከሙከራዎቻቸው በአንደኛው 20 ብልቃጦች ተቈጠሩ። በ11ዱ አንድም የተረፈ አልተገኘም፤ በአንዱ 64፣ በሌላው 107 ተገኙ። ዴልብሩክ የሒሳቡን ንድፈ ሐሳብ አዘጋጀ፤ ሥራቸውም በዚያው ዓመት ታተመ። በዚህም የባክቴሪያ ዘር ለውጥ በዕድል የሚመጣ፣ መጠኑም በሒሳብ የሚለካ መሆኑ ታወቀ። ሁለቱ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1969 ከአልፍሬድ ሄርሺ ጋራ የኖቤልን ሽልማት ተቀበሉ።

የሚለካ ለውጥ ደግሞ እንደ ሰዓት ሊያገለግል ይችላል። ይህን ለመረዳት ከአገራችን የብራና ጸሐፊዎች የተሻለ ምሳሌ የለም። አንድ መጽሐፍ ከገዳም ወደ ገዳም ሲገለበጥ ጸሐፊው አንዳንድ ፊደል ይስታል፤ ከዚያ ቅጂ የሚገለብጠውም ስሕተቱን ይወርሳል። ስለዚህ የግእዝ መጻሕፍት መርማሪዎች የጋራ ስሕተቶችን አስተያይተው የትኛው ቅጂ ከየትኛው እንደ ተወለደ ይናገራሉ። የነቀርሳ ባክቴሪያም መጽሐፍ አለው። ሙሉው ጽሑፍ መጀመሪያ ተነብቦ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1998 ሲሆን፣ 4.4 ሚሊዮን ያህል ፊደላት አሉት። በአንድ የትውልድ መስመር ውስጥ በሁለት ወይም በሦስት ዓመት አንድ ፊደል ያህል ይለወጣል።

እ.ኤ.አ. በ2013 ረቡማ ፍርዲሳና ባልደረቦቻቸው ከኢትዮጵያውያን ሕሙማን የተወሰዱ 964 ናሙናዎችን መርምረው ውጤቱን አሳተሙ። በዚህ ምርመራ ከዚያ በፊት ከታወቁት ከስድስቱ ታላላቅ የነቀርሳ ዘሮች የተለየ፣ ከአፍሪካ ቀንድ ጋራ የተያያዘ ሰባተኛ ዘር ተገለጠ፤ ይበልጥ የተገኘውም በወልድያ ነበር። አንዳንድ ሊቃውንት በላቲን «ኤቲዮፕስ ቬቱስ»፣ ማለት የጥንት ኢትዮጵያዊ ብለውታል። በነገራችን ላይ በዚሁ ምርመራ ከላም ወደ ሰው የሚተላለፈው የነቀርሳ ዓይነት ድርሻ እጅግ ጥቂት ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ በአገራችን ለሚበዛው የዕጢ ነቀርሳ ሁሉ ጥሬ ወተትን ጥፋተኛ የምናደርግ ሰዎች ፍርዳችንን ማለዘብ ይገባናል። ወተቱን ማፍላት ግን አይቅር።

እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ በኢትዮጵያ ከተገኙ ባክቴሪያዎች የ66ቱ ሙሉ ጽሑፍ ተነበበ፤ አጥኚዎቹም ውጤቱ «ድንግል መሬት» የተባለውን አስተሳሰብ የሚቃረን መሆኑን አስታወቁ። ስለ በሽታው ዕድሜ ሊቃውንት ገና አልተስማሙም። አንደኞቹ የሰውን ነቀርሳ የ70,000 ዓመት ዕድሜ ይሰጡታል፤ ሌሎቹ በፔሩ ከተገኙ አሮጌ አፅሞች ተነሥተው ከ6,000 ዓመት በታች ያደርጉታል። በየትኛውም ቆጠራ ቢሆን ግን ሰባተኛው ዘር ከሌሎቹ የተለየው ኤውሮፓውያን አፍሪካን ከመቀራመታቸው እጅግ ቀድሞ ነው። በአገራችን በብዛት የሚገኙት ሦስተኛውና አራተኛው ዘሮች በየዘመኑ ከውጭ የገቡ መሆናቸው ይህን አያፈርሰውም።

እንግዲህ መሬቱ ድንግል ካልነበረ፣ ሠራተኛውን የገደለው የደሙ አዲስነት ነው ማለት አይቻልም። አቧራው፣ ጠባቡ መኝታና የሕክምናው መዘግየት ይቀራሉ። ስለ መዘግየቱ አንድ ነገር ልጨምር። በአማራ ክልል በተደረገና እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ ጥናት፣ ሰባተኛው ዘር የያዛቸው ሕሙማን ሌላው ዘር ከያዛቸው ይልቅ ዘግይተው ወደ ሐኪም መሄዳቸው ታይቷል። በላቦራቶሪም ይህ ዘር በዝግታ ያድጋል። በሽተኛው ሳይታከም በቈየ ቍጥር ደግሞ አብሮት የሚያድረው ሰው አየሩን ይጋራዋል።

በየኢንዱስትሪ ፓርኮቻችን የሚሠሩ ወጣቶች ብዙ ጊዜ አንድ ክፍል በጋራ ተከራይተው ያድራሉ። ከእነርሱ አንዱ ቢታመም መድኃኒቱን በመንግሥት ጤና ጣቢያ ያለ ዋጋ ያገኛል፤ ነገር ግን ለስድስት ወር መውሰድ አለበት፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት አራት ዓይነት፣ ከዚያም ሁለት ዓይነት። ለምን አንድ መድኃኒት አይበቃም? መልሱ ያው የሉሪያና የዴልብሩክ ሒሳብ ነው። አንዱን መድኃኒት የሚቋቋም ባክቴሪያ ከሚሊዮን አንድ፣ ሁለተኛውን የሚቋቋም ከመቶ ሚሊዮን አንድ ነው እንበል። ሁለቱንም በአንድነት የሚቋቋመው ከመቶ ትሪሊዮን አንድ ይሆናል፤ ያን ያህል ባክቴሪያ ደግሞ በአንድ ሳንባ ውስጥ አይገኝም። ስትሬፕቶማይሲን ብቻውን በእንግሊዝ አገር በተሞከረ ጊዜ፣ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ1948 በታተመ ጊዜ፣ ሕሙማኑ መጀመሪያ ተሽሏቸው ከጥቂት ወራት በኋላ በብዙዎቹ ዘንድ መድኃኒቱን የሚቋቋም ባክቴሪያ በርክቶ ነበር።

ሳሉ በሁለተኛው ወር ሲተወው ሠራተኛው የዳነ ይመስለዋል። በየወሩ ወደ ጤና ጣቢያ ለመሄድ ፈቃድ ቢጠይቅ ደመወዙ የሚቈረጥ ከሆነ፣ በሦስተኛው ወር ላይ ይቀራል። የፈቃዱን ደንብ የሚጽፈው፣ ለሠራተኞች የሚሠራውን ቤት ፕላን አይቶ በየክፍሉ ስንት መስኮት እንዳለ የሚቈጥረው ሰው ከእናንተ ከአንባብያን መካከል ይገኛል።