ቤተ እስራኤል (የሰሜንና የወገራ)

በሰሜን ተራሮች፣ በዛሬዎቹ ጃናሞራ፣ ደባርቅና ዳባት አካባቢ ለዘመናት የኖረ፣ ኦሪትን የሚከተል ሕዝብ። ጎረቤት «ፈላሻ» ይለው ነበር፤ ራሱ ግን ስሙን እንደ ስድብ ያየዋል። አመጣጡ ዛሬም ያከራክራል። ትውፊት ከቀዳማዊ ምኒልክ ጋር ከመጡ እስራኤላውያን ያገናኘዋል፤ ከእስራኤል ዋና ራቢዎች አንዱ የነበሩት ኦቫዲያ ዮሴፍ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1973 የዳን ነገድ ነው ብለው ፈረዱ። ስቲቨን ካፕላንን የመሰሉ ተመራማሪዎች ግን ማኅበረሰቡ ከ14ኛው እስከ 16ኛው መቶ ዘመን እዚሁ አገር ቅርጽ ያዘ ይላሉ።

ማስረጃው ወደ ኋለኞቹ ያደላል። ጸሎቱ በግዕዝ ነው፤ በመካከሉ የአገው ቃላት ጣል ጣል ይላሉ። በአይሁድ ዘንድ እንግዳ የሆነው ምንኩስናም ነበረው። ተቃዋሚ፣ ከኦሪት በኋላ የተጠናቀረውን የአይሁድ ሕግ መድበል ታልሙድን አለማወቁ ጥንታዊነቱን ያሳያል ብሎ ይሞግታል። የሚናቅ ሙግት አይደለም፤ የዓፄ ዓምደ ጽዮን ዜና መዋዕልም በሰሜንና በወገራ አይሁድ መሰል ዐመፀኞችን ይጠቅሳል። ይህ ግን የእምነቱን ዕድሜ እንጂ የዘሩን ምንጭ አይነግርም፤ የአገሩ ሰው ኦሪትን ቢቀበል ከመጤው በምን ይለያል? ዘግይቶ መደራጀቱም ማንነቱን ሐሰት አያደርገውም። የማኅበረሰቡ መሪዎች ራዳኢ ከዓፄ ሠርጸ ድንግል፣ ጌዴዎን ከዓፄ ሱስንዮስ ጋር የተዋጉት በእነዚሁ የሰሜን አምባዎች ነው። የእስራኤል መንግሥትም እ.ኤ.አ. በ1975 አይሁድ በእስራኤል እንዲሰፍሩ የሚፈቅደው የመመለስ ሕግ ቤተ እስራኤልን እንዲመለከት ወሰነ።