ጭሱና መብራቱ

በ1995 ዓ.ም. ተማሪ የነበርን ሰዎች ስንገናኝ ሳናነሳ የማናልፈው ወሬ የመብራት ፈረቃው ነው። ዝናብ ጠፍቶ ግድቦች ጎደሉ፤ ሻማ ከመጽሐፍ እኩል ተፈላጊ ሆነ። ብዙዎቻችን ልብ ያላልነው ግን በዚያው ዓመት በኅዳር ወር የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 መውጣቱን ነው። ወደ አየር ለሚለቀቅ ጭስና ጋዝ ደረጃ እንዲወጣለት የደነገገው ይኸው አዋጅ ነው።

በሌላው ዓለም እንዲህ ያለው ሕግ ኤሌክትሪኩን ራሱን ነክቷል። ለንደን እ.ኤ.አ. በ1952 ጭስና ጭጋግ ሺዎችን ከፈጀባት በኋላ በ1956 የንጹሕ አየር ሕግ ወጣ፤ አሜሪካም በ1970 ሕጓን አጠበቀች። ውሎ አድሮ በከሰል የሚሠሩ ማመንጫዎች ወይ ማጣሪያ መግጠም ወይ መዘጋት ግድ ሆነባቸው።

እኛ ጋ ግን አዛዡ ውሃ ነው። የከሰል ጣቢያ ስለሌለን አዋጁ የሚዘጋው አላገኘም። እንዲያውም ውሃው ሲጎድል አዋሽ ሰባት ኪሎ፣ ድሬዳዋና ቃሊቲ ላይ የናፍጣ ጣቢያዎች ተተከሉ፤ በየሱቁ ደጃፍም ጄኔሬተር ይንደቀደቅ ጀመር። ጭሱን ያመጣው የመብራቱ መጥፋት ነው።

ለጉንችሬ ሰው ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። የእነሞር ምድር ቁልቁል ወርዶ ከኦሞ ወንዝ ይገናኛል፤ ማዶው የም ነው። 420 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ግልገል ግቤ 2 በጥር 2002 ዓ.ም. የተመረቀው በዚያው አቅጣጫ ነው። (የምርቃቱ ወሬ ሳይበርድ 26 ኪሎ ሜትሩ ዋሻ በከፊል ተደርምሶ ጥገና መግባቱን የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ።) ጭስ አልባው ኃይል ከደጃችን መነጨ፤ ጎጆ ውስጥ ግን ቆጮው ዛሬም በማገዶ ይጋገራል። ሽማግሌዎች ጭሱ የቤቱን ክዳን ከነቀዝ ይጠብቃል ይላሉ፤ እውነትም ነው። የእናቶቻችንን ዓይንና ሳንባ ግን አልጠበቀም። አዋጁም ዓይኑ የፋብሪካ ጭስ ማውጫ ላይ ነው፤ ጭስ ማውጫ የሌለውን ማድ ቤት መች ያውቀዋል!

በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሄዱ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ዋናው ምክንያት ለነዳጅ የሚወጣው ዶላር ቢሆንም የከተማው አየር ሊጠቀም ይችላል። መኪናው ቻርጅ የሚደረገው ግን ምጣዱም ከሚጠብቀው መስመር ነው፤ ለመኪናው መመሪያ ሲወጣለት ምጣዱን ያነሳው የለም።

የአየር ብክለትን የምታስተምሩ መምህራን፣ የማድ ቤቱም ጭስ ይለካ። መለኪያ ይዞ ለሚመጣ ተማሪ ጉንችሬ ቤታችን ክፍት ነው።