አፈር፣ ምርጫና ትዕግሥት፦ የቴስት ክሪኬት ስልት ከፎገራ ሜዳ ሲታይ

ጭምቅ ሐሳብ

ይህ መጣጥፍ የቴስት ክሪኬትን የቡድን ስልት፣ የተጫዋች አመራረጥና ብርቱ ወርዋሪን የመመከት ጥበብ በደቡብ ጎንደር ፎገራ ሜዳ ላይ ቆሞ ይመረምራል፤ ከአገራችን የገና ጨዋታ ጋርም ያነጻጽራል። ዋናው ክርክር አንድ ነው። በዱላና በኳስ በሚደረግ ረጅም ጨዋታ ትክክለኛ የተጫዋች ምርጫ የሚጀምረው መሬቱን ከማንበብ ነው፤ ጥሩ መቺም የሚለካው በሚመታው ኳስ ብቻ ሳይሆን ሳይነካ በሚያሳልፈውም ጭምር ነው። ይህን ለማሳየት እ.ኤ.አ. በ1937 በሜልበርን፣ በ1976 በፖርት ኦፍ ስፔን፣ በ2001 በኮልካታና በ2004 በሲድኒ የተደረጉ ግጥሚያዎች ይፈተሻሉ። በመጨረሻም ለገና ጨዋታ የሚበጅ ሐሳብ ይቀርባል።

1. መግቢያ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድ ወረታ ላይ ሲደርስ አንዱ ክንፉ ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ወልድያ ይታጠፋል። ከከተማዋ እስከ ጣና ዳርቻ የተዘረጋው የፎገራ ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ የሚገኝ ለጥ ያለ ምድር ነው። ርብና ጉማራ ክረምት በመጣ ቁጥር እየሞሉ ደለል ያለብሱታል። አገሩ በፎገራ ከብትና በደርግ ዘመን በገባው ሩዝ ስሙ የታወቀ ነው፤ ብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም መቀመጫው እዚሁ ወረታ ላይ ነው።

ሩዙ ታጭዶ ማሳው ሲራቆት የልደት በዓል ይደርሳል። ታኅሣሥ 29 ቀን የሚከበረው ይህ በዓል በአማራ ገጠር ያለ ገና ጨዋታ አይታሰብም። ክሪኬት በዚህ አገር ሥር የሰደደ ጨዋታ ባይሆንም፣ የክሪኬት መራጮችና አምበሎች ከመቶ ዓመት በላይ ሲጨነቁባቸው የኖሩት ጥያቄዎች ግን ለገና ተጫዋች እንግዳ አይደሉም። ማን ይሰለፍ? ማን ይቅደም? መሬቱ ለማን ያደላል? ከአቅም በላይ የሚመስል ባላጋራ ሲገጥም ምን ይደረጋል?

2. ሁለቱ ጨዋታዎች ባጭሩ

በቴስት ክሪኬት አሥራ አንድ አሥራ አንድ ተጫዋቾች ያሏቸው ሁለት ቡድኖች እስከ አምስት ቀን ይጋጠማሉ። እያንዳንዱ ቡድን ሁለት ዙር የመምታት ዕድል አለው። ወርዋሪው 20 ሜትር ገደማ ርዝመት ባለው፣ ተጠቅጥቆ በደረቀ የሸክላ መሬት ላይ ኳሷን አንጥሮ ከመቺው ጀርባ የተተከሉትን ሦስት እንጨቶች ለመምታት ይሞክራል። መቺው እንጨቶቹን ይከላከላል፤ ሲመቸው ኳሷን ርቃ እንድትሄድ መትቶ ራን የሚባለውን ነጥብ በሩጫ ይሰበስባል። አንዴ ከተሰናበተ በዚያ ዙር ተመልሶ አይገባም። የመጀመሪያው የቴስት ግጥሚያ እ.ኤ.አ. መጋቢት 1877 ሜልበርን ላይ በአውስትራሊያና በእንግሊዝ መካከል ተካሂዶ አውስትራሊያ በ45 ራን አሸንፋለች።

ገና የሚጫወቱት ጫፉ በተቆለመመ ዱላ ነው። ኳሷ ከእንጨት ተድቦልቡላ ወይም ከጠፍር ትሠራለች፤ ጥንግ ወይም ሩር ትባላለች። ጎበዛዝቱ ሚና ለይተው፣ መንደር ከመንደር ወይም የላይ ቤት ከታች ቤት ሆነው ይሰለፋሉ። በባህላዊው አጨዋወት የተጫዋቹ ቁጥርም ሆነ የሜዳው ስፋት በደንብ የታጠረ አልነበረም፤ ዋናው ነገር የሁለቱ ወገን ቁጥር መመጣጠኑ ነበር። ዛሬ ገና የኢትዮጵያ ባህል ስፖርቶች ፌዴሬሽን ደንብ ካወጣላቸው ጨዋታዎች አንዱ ነው።

በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሰፊ ነው። በገና ቋሚ ወርዋሪ የለም፤ በክሪኬት ደግሞ እንደ ገና ሁለት ወገን አንድ ኳስ ላይ አይተናነቅም። የሚያገናኛቸው ግን ከልዩነታቸው አይተናነስም፤ በሁለቱም ኳሷ መሬት ነክታ ነው የምትመጣው። ስለዚህ ንጽጽሩ ከመሬቱ መጀመር አለበት።

3. መጀመሪያ አፈሩን

የፎገራ ሜዳ አብዛኛው ክፍል ጥቁር ዋልካ ነው። የዚህ አፈር ሸክላ ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ በክረምት እግር የሚውጥ ጭቃ የነበረው መሬት በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ገበሬው ጓያና ሽምብራ መቼ እንደሚዘራ የሚወስነው የቀረውን እርጥበት አይቶ ነው። የገና ተጫዋችም በዚሁ አፈር ላይ ይሮጣል። ገና ሙሉ በሙሉ ባልደረቀ ሣር ላይ የተለጋች ጥንግ ቶሎ ትሞታለች፤ በደረቀው ላይ ትፈጥናለች፤ ስንጥቅ አፍ ላይ ከደረሰች ደግሞ ወዴት እንደምትዘል አትታወቅም።

የቴስት ክሪኬት መሬትም የሚሠራው ሸክላ ከበዛበት አፈር ነው። በህንድ በርካታ ሜዳዎች የሚጠቀሙበት ጥቁር አፈር ከደካን አምባ የባዛልት ዐለት የተገኘ፣ በባሕርይው የእኛው ዋልካ ወንድም ነው። በመጀመሪያው ቀን ጠንካራና የታመነ የነበረው መሬት በአራተኛውና በአምስተኛው ቀን ይሰነጠቃል፣ ይላላል፣ በጫማ ይፋቃል። ያን ጊዜ ኳሷን በጣቱ የሚያሾር ወርዋሪ ጌታ ይሆናል። በአንጻሩ ሣር ባልተላጨለትና አየሩ ደመናማ በሆነ ሜዳ ላይ ጧት የሚወረውር ፈጣን ወርዋሪ ይሠለጥናል። አምበሉ የሳንቲም ዕጣ ሲደርሰው ልምታ ወይስ ልወርውር ብሎ የሚወስነው ይህ አፈር ከአምስት ቀን በኋላ ምን እንደሚመስል ገምቶ ነው።

ይህን እንደ አውስትራሊያው አምበል ዶናልድ ብራድማን በቅጡ ያሳየ የለም። እ.ኤ.አ. ጥር 1937 አውስትራሊያ በእንግሊዝ 2 ለ 0 ተመርታ ሜልበርን ገባች። በዚያ ዘመን መሬቱ ከዝናብ አይሸፈንም ነበር፤ ዝናብ ወረደና ሸክላው ጨቀየ። እርጥብ ሸክላ ሲደርቅ ኳስ አንዴ መሬት ለመሬት ትሾልካለች፣ አንዴ ደግሞ ወደ ጉሮሮ ትዘላለች። ብራድማን ቡድኑ 9 ተጫዋች ተሰናብቶበት 200 ራን እንዳለው ዙሩን በራሱ ፈቃድ ዘግቶ እንግሊዞችን ወደዚያ መሬት አስገባቸው። እነሱም 76 ራን ላይ 9 ሰው ካጡ በኋላ ነገሩ ገብቷቸው ዙራቸውን ዘጉ። የብራድማን ብልጠት የታየው ከዚህ በኋላ ነው። የመቺዎቹን ቅደም ተከተል ገለበጠው። መምታት የማይሆንላቸውን ወርዋሪዎቹን ኦራይሊንና ፍሊትዉድ ስሚዝን አስቀድሞ፣ እሱ ራሱ ሰባተኛ ሆኖ ገባ። ደካሞቹ ጊዜ ሲገዙ መሬቱ ደረቀ። አምስት ሰው በ97 ራን ከተሰናበተ በኋላ ብራድማንና የቡድን ጓደኛው ፊንግልተን አብረው 346 ራን ሰበሰቡ፤ ብራድማን ብቻውን 270 መታ። አውስትራሊያ በ365 ራን አሸነፈች፤ ተከታዮቹን ሁለት ግጥሚያዎችም ደግማ ውድድሩን 3 ለ 2 ረታች። በዚያ ቀን የተለወጠ ተጫዋች አልነበረም። የተለወጠው አፈሩን የተከተለው ቅደም ተከተል ነው።

4. የምርጫ ጥያቄ

በገጠር ጨዋታ የታወቀ የቡድን አከፋፈል አለ። ሁለት አባቶች ይቆማሉ። የቀሩት አቻ ለአቻ እየተጣመሩ ራቅ ብለው በምስጢር ስም ይይዛሉ፤ ተመልሰውም ከሁለቱ ስም የትኛውን እንደሚፈልግ ባለተራውን አባት ይጠይቃሉ። አባቱ ስሙን ሲመርጥ ከስሙ ጀርባ ያለውን ሰው አያውቅም። ግቡ ፍትሕ ነው፤ ሁለቱ ወገኖች እንዲመጣጠኑና ማንም አድልዎ ተደረገ ብሎ እንዳያጉረመርም። የቴስት መራጭ ሥራ ከዚህ ይለያል። እሱ የሚፈልገው በራሱ ቡድን ውስጥ ያለውን ሚዛን ነው። አሥራ አንዱ ሁሉ አንድ ዓይነት ብርታት ካላቸው ቡድኑ ጎዶሎ ነው። አዲስ ኳስ የሚመክቱ መክፈቻ መቺዎች፣ መሐል ላይ የሚያረጋጉ፣ ፈጣኖችና አሿሪዎች፣ ከእንጨቶቹ ጀርባ የሚቆም ጠባቂ ያስፈልጉታል።

ሚዛኑ ደግሞ ቋሚ ቀመር የለውም። እ.ኤ.አ. በ1976 ፖርት ኦፍ ስፔን ላይ የምዕራብ ህንድ ደሴቶች አምበል ክላይቭ ሎይድ ሦስት አሿሪዎች አሰለፈ። ህንድ በመጨረሻው ዙር የተጠየቀችውን ከ400 በላይ ራን አራት ተጫዋች ብቻ ተሰናብቶባት ሰበሰበችና አሸነፈች። ሎይድ ከዚያ ሽንፈት በኋላ ፊቱን ወደ አራት ፈጣን ወርዋሪዎች አዞረ። ወርዋሪዎቹ እየተፈራረቁ ስለሚመጡ መቺው እፎይ የሚልበት ጊዜ አያገኝም ነበር። ቡድኑ ከ1980 እስከ 1995 ድረስ በአንድም የቴስት ተከታታይ ውድድር ሳይሸነፍ ቆየ። ሎይድ ሽንፈቱን በዕድል አላሳበበም፤ የምርጫውን መሠረት ለወጠ።

ምርጫን የሚያበላሸው ሌላው ነገር ማዕረግ ነው። በገና ሜዳ ባላባትና ገባር እኩል እንደሚሰለፍ፣ በጨዋታው መሐል የደረሰበትን ጌታ ይቅር ብሎ እንደሚያልፍ የቆየ ደንባችን ነው። ክሪኬት ግን ይህን የተማረው ዘግይቶ ነው። አብዛኛው ተጫዋቹ ጥቁር የሆነው የምዕራብ ህንድ ደሴቶች ቡድን ለሙሉ ተከታታይ ውድድር ጥቁር አምበል የተሾመለት እ.ኤ.አ. በ1960 ፍራንክ ዎረል ሲመጣ ብቻ ነው። ዎረል በዚያው ዓመት ብሪስቤን ላይ ያደረገው የመጀመሪያ ግጥሚያ በቴስት ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ በእኩል ራን ተጠናቀቀ። ለሥራው የሚመጥነው ሰው በቀለሙ ምክንያት ለዓመታት መገለሉ በደል ብቻ ሳይሆን የስልት ኪሳራም ነበር።

5. ብርቱ ወርዋሪ ሲገጥም

በሰዓት 140 ኪሎ ሜትር የሚወረወር ኳስ ከወርዋሪው እጅ ወጥቶ መቺው ጋ እስኪደርስ ግማሽ ሰከንድ እንኳ አይሞላም። እ.ኤ.አ. በ2000 ማይክል ላንድና ፒተር ማክሊዎድ ያሳተሙት የዓይን እንቅስቃሴ ጥናት እንዳሳየው መቺ ኳሷን እስከ መጨረሻ በዓይኑ እየተከተለ አይሄድም። ስትለቀቅ ያያታል፤ ከዚያ ዓይኑን ቀድሞ ትነጥርበታለች ብሎ ወደገመተው ቦታ ይወረውራል። የተሻለው መቺ የሚለየው በዚህ ቅድሚያ ነው። መሬቱን አስቀድሞ ያላነበበ ሰው ዓይኑን የት እንደሚልክ አያውቅምና የአፈሩ ጉዳይ እዚህም ተመልሶ ይመጣል።

ብርቱ ወርዋሪ ግን ዓይንን ብቻ ሳይሆን ፍላጎትንም ያጠምዳል። ኳሷን ከእንጨቶቹ ትንሽ ወጣ አድርጎ ደጋግሞ ይወረውራል፤ መቺው እጁ በልቶት ሲዘረጋ የዱላውን ጫፍ ነክታ ከኋላ ትያዛለች። የህንዱ መቺ ሳቺን ቴንዱልካር እ.ኤ.አ. በ2003 መጨረሻ በአውስትራሊያ የገጠመው ይህ ነበር። ወደ ቀኝ ወጣ ያለችውን ኳስ ወደፊት ሲነዳ እየተሰናበተ ከሦስት ግጥሚያ በኋላ ሲድኒ ገባ። እዚያ ያደረገው ነገር ለማንም ተጫዋች ትምህርት ነው። እጅግ የሚወደውንና የሚደነቅበትን ያን ምት ከጨዋታው አወጣው። ወጣ ያለችውን ኳስ እያየ አሳለፈ፤ ወርዋሪዎቹ ትዕግሥታቸው አልቆ ወደ እግሩ ሲያስጠጉለት ብቻ መታ። 436 ኳሶች ገጥሞ ሳይሰናበት 241 ራን አስመዘገበ።

ሁለተኛው መንገድ ጥምረት ነው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 2001 ኮልካታ ላይ አውስትራሊያ 16 የቴስት ግጥሚያዎችን በተከታታይ አሸንፋ መጥታ ነበር። ህንድ በመጀመሪያው ዙር 171 ራን ላይ ተበተነች፤ በ274 ራን ተበልጣ ወዲያው እንደገና እንድትመታ ተገደደች። አሠልጣኙና አምበሉ አንድ ውሳኔ ወሰኑ። ስድስተኛ ይመታ የነበረውን ላክስማንን ወደ ሦስተኛ፣ ሦስተኛውን ድራቪድን ወደ ስድስተኛ አዛወሩ። ላክስማን 281፣ ድራቪድ 180 መቱ፤ አብረው 376 ራን ሰበሰቡ። አራተኛውን ቀን ሙሉ ማንም አልተሰናበተም። የአውስትራሊያ ወርዋሪዎቹ ማክግራዝና ዎርን በፀሐይ ሲለፉ ውለው ደከሙ። በአምስተኛው ቀን መሬቱ ሲላላ አሿሪው ሃርብሃጃን ሲንግ ሥራውን ጨረሰ፤ ህንድ በ171 ራን አሸነፈች። አንዱ መቺ ሲፈተን ሌላው ጫናውን እየተቀበለ ወርዋሪውን ማድከም ከአንድ ጀግና ብርታት ይበልጣል።

6. ለገና ጨዋታ ምን ይበጃል?

ገና ወደ ፌዴሬሽን ውድድር ከገባ ወዲህ የቡድን ምርጫ የመንደር አከፋፈል ብቻ ሊሆን አይችልም። በአቻ ለአቻ አከፋፈል የሚገኘው ፍትሕ ለበዓሉ ጨዋታ ይቆይ፤ መከበርም አለበት። ወረዳን ወይም ክልልን ወክሎ የሚሄድ ቡድን ሲዋቀር ግን ከላይ የታዩት ሦስት ትምህርቶች ይሠራሉ።

አንደኛ፣ ምርጫው ሜዳውን ይከተል። በለሰለሰ ሣር ላይ ጥንጓን በዱላው አስጠግቶ የሚነዳ፣ በደረቀ ዋልካ ላይ ከሩቅ የሚለጋና ፈጥኖ የሚሮጥ ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ ተጫዋች በጉልበቱ ብቻ ሳይሆን በሚይዘው ቦታ ይመዘን፤ ከኋላ ተረጋግቶ የሚመልስ ሰው ከፊት ከሚለጋው እኩል ክብር ይገባዋል። ሦስተኛ፣ ባላጋራው ሲበረታ ጥንጓን በጭፍን ከመለጋት ለባልንጀራ ማቀበልና ባላጋራን ማሮጥ ይለመድ።

ከ1937ቱ የክሪኬት ጨዋታ ዛሬ የምንማረው እያንዳንዱ ግጥሚያ ስለተመዘገበ ነው። የእኛ ገና በርካታ ብልኅ አባቶች ኖረውት ስልታቸው ሳይጻፍ አብሯቸው አልፏል። ይህ ክፍተት በፎገራ ሊሞላ ይችላል። በወረታ የግብርና ኮሌጅ፣ በደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ አለ፤ አፈሩን የሚያውቅ ገበሬ፣ ጨዋታውን የሚያውቅ ሽማግሌም በየቀበሌው አይጠፋም። በየዓመቱ የልደት ሰሞን ማን የት ቦታ እንደተሰለፈ፣ ሜዳው እርጥብ ይሁን ደረቅ፣ የትኛው ወገን በምን ስልት እንደረታ ቢመዘገብ፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ አሠልጣኝ የሚማርበት፣ መራጭም በወሬ ፈንታ በማስረጃ የሚከራከርበት የራሳችን የስልት እውቀት ይኖረናል። ሥራው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ጨዋታውን ከበዓል ማድመቂያ በላይ አድርጎ የሚያይ ሰው ነው።