እንሰትና ቡና በጌዴኦ ምድር

ከስምጥ ሸለቆ በስተምሥራቅ በተዘረጋው ተዳፋት የሚኖረው የጌዴኦ ሕዝብ ኑሮውን የመሠረተው በጥምር ደን እርሻ ላይ ነው፤ ይኸውም እንደ ዋንዛና ብርብራ ያሉ ትልልቅ ዛፎች ጥላ የሚሰጡበት፣ ከሥራቸው ቡናና እንሰት ተሰባጥረው የሚያድጉበት፣ መሬቱም በበሬ ሳይታረስ በእጅ እየተቆፈረ የሚለማበት ዘዴ ነው። ቡናው የጌዴኦን ስም በዓለም ገበያ ቢያስጠራም፣ ሕዝቡን በክፉ ቀን ያቆየው እንሰቱ ነው።

እንሰት ለመድረስ ዓመታት የሚፈጅ ሲሆን የሚበላውም ግንዱና ሥሩ እንጂ ፍሬው አይደለም። ሴቶች የተቆረጠውን ግንድ ፍቀው፣ ሥሩንም ከትፈው በእንሰት ቅጠል በተነጠፈ ጉድጓድ ይቀብሩታል፤ ሲብላላ ቆጮ ይሆናል፣ ከጭማቂው የሚዘቅጠው ነጭ ዱቄት ደግሞ ቡላ ይባላል። ቆጮ በጉድጓድ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ስለሚቆይና ተክሉም በየትኛውም ወቅት ሊቆረጥ ስለሚችል፣ ዝናብ የቀረበት ዓመት ወዲያውኑ የረሃብ ዓመት አይሆንም።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ የማዕከላዊው መንግሥት ጦር አካባቢውን ከያዘ በኋላ ገበሬው ገባር፣ ማለትም ለሹማምንትና ለወታደሮች ግብርና ጉልበት የሚያቀርብ ሆነ። ቀጥሎም መሬት በገመድ የሚለካበት የቀላድ ሥርዓት ሲመጣ፣ 40 ሄክታር ገደማ በሚሆን ጋሻ እየተለካ ብዙው መሬት ለሌሎች ተሰጠና ነባሩ ባለይዞታ በአባቶቹ ማሳ ላይ ጭሰኛ ሆነ። የቡና ዋጋ በጨመረ ቁጥር መሬቱን የሚመኘው በዛ፤ ቡናውን ተክሎ የሚለቅመው ገበሬ ግን የምርቱን ድርሻ ለባለርስት እየሰጠ ኖረ። ይህ በደል በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሚችሌ በተባለው ስፍራ ብዙ ሰው ወዳለቀበት የገበሬዎች አመፅ አመራ፤ ጭሰኝነትም የቀረው በየካቲት 1967 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ነው።

ከአዋጁ በኋላ ማሳው ለቤተሰቡ ቢመለስም፣ ልጆች በተካፈሉት ቁጥር እየጠበበ ሄደ፤ በቡና ብቻ የተመካ ቤትም ዋጋ ሲወርድ የሚተማመንበት የለውም። ስለዚህ ለጥቂት ተጨማሪ ቡና ሲባል እንሰትን መንቀል ከባድ ስሕተት ነው። በመስከረም 2016 ዓ.ም. የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ፣ በአካባቢው ካሉት ትክል ድንጋዮች ጋር የተመዘገበው ይኸው ገበሬው የሚኖርበት እርሻ ነው።