«የአመለካከት ችግር» ከየት ይመጣል? ስለ ፋብሪካና መጋዘን ሠራተኞች የሥራ መንፈስ

በአገራችን የመሥሪያ ቤት ግምገማ ላይ የተቀመጠ ሰው «የአመለካከት ችግር» የሚለውን ሐረግ ሳይሰማ አይወጣም። ምርት ሲያንስ፣ ሠራተኛ ሲቀር፣ ዕቃ ሲሰበር ቃለ ጉባኤው ላይ በመጀመሪያ የሚሰፍረው ምክንያት ይኸው ነው፤ የክህሎት ክፍተትና የግብዓት እጥረት ተከትለውት ይገባሉ። ሐረጉ ለአለቃ ምቹ ነው። የማሽን ብልሽት ቢባል «መለዋወጫውን በጊዜው ያላዘዘ ማነው?» የሚል ጥያቄ ይነሣል፤ የደመወዝ ማነስ ቢባል በጀት ይጠየቃል። የአመለካከት ችግር ከተባለ ግን ጥፋቱ የሠራተኛው ነው፤ መድኃኒቱም የግማሽ ቀን ሥልጠናና ሻይ ብስኩት ነው።

በጎ አመለካከት ለምርት ሥራ ዋጋ እንዳለው አልክድም። በምርት መስመር ላይ የአንዱ ቸልታ ለሚቀጥለው ሰው ጣጣ ነው፤ በመጋዘንም አንድ የተሳሳተ ምልክት የሙሉ ቀን ጭነት ያሳስታል። ክርክሬ ስለ ምንጩ ነው። ሠራተኛው ይህን መንፈስ እንደ ስንቅ ከቤቱ ቋጥሮ ይመጣል የሚለውን ግምት ማስረጃው አይደግፈውም፤ በአብዛኛው የሚፈጠረውም የሚጠፋውም እዚያው ሥራው ቦታ ላይ ነው። (ዓ.ም. ካልተባለ በቀር በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ጉዳዩን በምሁራን ዘንድ ያስነሣው በቺካጎ አጠገብ የነበረው የዌስተርን ኤሌክትሪክ ኩባንያ የሃውቶርን ፋብሪካ ነው። የመብራት ድምቀት ምርት ይጨምር እንደሆነ ከ1924 ጀምሮ ሲፈተሽ ቆየ። በ1927 ደግሞ የስልክ ዕቃ የሚገጣጥሙ ጥቂት ወጣት ሴቶች በአንድ ክፍል ተለይተው፣ የዕረፍትና የሥራ ሰዓታቸው እየተለዋወጠ ለዓመታት ተጠኑ። ምርቱ ጨመረ። ከአጥኚዎቹ ኤልተን ማዮና ባልደረቦቹ ጭማሪውን ለሴቶቹ ከተሰጠው ትኩረትና በመካከላቸው ከተፈጠረው መንፈስ ጋር አያያዙት፤ የአስተዳደር መማሪያ መጻሕፍትም ይህንኑ ሲያስተምሩ ኖረዋል። ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ግን በ1928 መጀመሪያ ላይ ከሴቶቹ ሁለቱ «ወሬ ያበዛሉ፣ አይተባበሩም» ተብለው መውጣታቸውና በሌሎች መተካታቸው ነው። የክፍያው ስሌትም ተለውጦ ነበር። ቀድሞ ከትልቅ ቡድን ጋር ተደምሮ ይሰላ የነበረው ክፍያቸው በሙከራው ወቅት በክፍሉ ባሉት ጥቂት ሴቶች ምርት ብቻ ተሰላ። የዝነኛው የ«መልካም መንፈስ» ጥናት ውጤት እንግዲህ «አመለካከታቸው የማያምር» ሁለት ሴቶች ከክፍሉ ከወጡና የቀሩት የልፋታቸውን ዋጋ ቀርቦ ማየት ከጀመሩ በኋላ በአብዛኛው የተገኘ ነው። የመብራቱን ሙከራ ቁጥሮች ስቲቨን ሌቪትና ጆን ሊስት በ2011 ባሳተሙት ጥናት እንደገና ሲመረምሩም የተወራለትን ያህል ለውጥ አላገኙም።

ለእኔ ሚዛን የሚደፋው የፍሪሞንት ታሪክ ነው። በካሊፎርኒያ ፍሪሞንት የነበረው የጄኔራል ሞተርስ መኪና መገጣጠሚያ በ1982 ሲዘጋ ስሙ የከፋ ነበር። በአንድ ቀን ከአምስት ሠራተኞች አንዱ ይቀራል፤ የቅሬታው መዝገብ በሺህ ይቆጠራል፤ በሥራ ሰዓት ይጠጣል፤ በንዴት መኪናው ላይ ሆን ብሎ ጉዳት የሚያደርስም አይጠፋም። በ1984 ፋብሪካውን ቶዮታና ጄኔራል ሞተርስ «ኑሚ» ብለው በጋራ ሲከፍቱት፣ ከተቀጠሩት አብዛኞቹ እነዚያው ሰዎች ነበሩ፤ ማኅበራቸውም ያው የመኪና ሠራተኞች ማኅበር ነበር። ብዙ ሳይቆይ የቀሪው መጠን ከመቶ ወደ ሁለትና ሦስት ወረደ፤ የምርቱም ጥራት ከጃፓኖቹ ጋር የሚነጻጸር ሆነ።

ሰዎቹ ያው ከሆኑ የተለወጠው ምንድን ነው? ሥራው አልቀለለም። ፋብሪካውን ያጠናው ፖል አድለር እንደሚለው፣ ከአንድ ደቂቃ ውስጥ ቀድሞ 45 ሴኮንድ ያህል ይሠራ የነበረ እጅ በኑሚ 57 ሴኮንድ ይሠራ ነበር። የተለወጠው ከራስ በላይ የተዘረጋው ገመድ ነው። ጃፓኖቹ «አንዶን» ይሉታል። ጉድለት ያየ ሠራተኛ ገመዱን ይስባል፤ የቡድን መሪው ፈጥኖ ይመጣል፤ ችግሩ በጊዜው ካልተፈታ መስመሩ ይቆማል። በቀድሞው ፋብሪካ መስመር ማቆም እንደ ወንጀል ይታይ ነበር፤ የጎደለው መኪና ከነጉድለቱ ያልፍና ከመስመሩ ከወጣ በኋላ ይጠገናል። በኑሚ አለቆች ለብቻቸው የሚመገቡበት አዳራሽ ቀረ፤ በመቶ የሚቆጠሩ ሠራተኞች የቶዮታን አሠራር በዓይናቸው እንዲያዩ ጃፓን ድረስ ተላኩ። ከሁሉ የሚበልጠው ከማኅበሩ ጋር የተፈረመው ውል ነው፤ ሠራተኛ ከመቀነሱ በፊት የአለቆች ደመወዝ እንደሚቀነስ ይናገር ነበር። በ1988 ገበያው ሲቀዘቅዝ ውሉ ተፈተነ። ኑሚ ማንንም ሳያሰናብት ትርፍ የሆነውን ሰው ለሥልጠናና ለማሻሻያ ሥራ አዋለው።

በኑሚ ምሥረታ የተሳተፈው ጆን ሹክ ከዚህ የቀሰመው ትምህርት በየሥልጠና አዳራሹ የምንሰማውን የሚገለብጥ ነው፤ በመጀመሪያ የሰዎች አሠራር ይለወጣል፣ አስተሳሰባቸው ይከተላል። ጄኔራል ሞተርስ ገመዱን በሌሎች ፋብሪካዎቹም ሰቅሎ ነበር። የሳበው ሠራተኛ በሚገላመጥበት ቦታ ግን ገመዱ ጌጥ ሆኖ ቀረ።

በእኛም አገር ካይዘን የተባለው የጃፓን አሠራር የማሻሻያ ዘዴ ከ2009 ጀምሮ በጃፓን ዓለም አቀፍ የትብብር ኤጀንሲ ድጋፍ በ30 ገደማ ድርጅቶች ተሞክሮ፣ በ2011 የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቁሟል። የሥራ ቦታን ስለ ማደራጀት የሚናገሩት የካይዘን «አምስቱ ማዎች» ከዚያ ወዲህ የብዙ ፋብሪካ ግድግዳ ቋንቋ ሆነዋል። ሰሌዳ መስቀል ቀላል ነው፤ ከባዱ ትናንት ለተቀጠረች ልጅ መስመር የማቆም ሥልጣን መስጠት ነው።

በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀውን የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ እንመልከት። ለስፌት የተቀጠሩት በብዛት ከአካባቢው ገጠር የመጡ፣ የፈረቃ ሥራ አይተው የማያውቁ ወጣት ሴቶች ነበሩ። ገና በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሠራተኛው መልቀቅ አሠሪዎችን አስመረረ፤ ምክንያቱም «የሥራ ባህል አለመኖር» ተባለ። በ2019 የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የስተርን ማዕከል ባወጣው ዘገባ የመነሻ ደመወዙ በወር 26 ዶላር ነበር። ከዚህ ላይ የቤት ኪራይና ምግብ ሲነሣ ለቤተሰብ የሚላክ ምን ይተርፋል? አሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዓ.ም. ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስን ቦርድ እንዲቋቋም ቢደነግግም፣ ወለሉን ቁጥር አላስቀመጠለትም።

የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎቹ ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ዴርኮን በኢትዮጵያ ያካሄዱት ሙከራም ችግሩ ከሥራው እንጂ ከባህል እንዳልሆነ ያጠናክራል። በአምስት ድርጅቶች ሥራ ካመለከቱ ወደ 1000 የሚጠጉ ሰዎች መካከል ማን እንደሚቀጠር በዕጣ ተወሰነ። ከተቀጠሩት አንድ ሦስተኛ ያህሉ በመጀመሪያው ወር ለቀቁ፤ ዓመቱ ሳያልቅ 77 በመቶው ሄደዋል። ደመወዙ ከጉልት ንግድና ከቀን ሥራ ገቢ እምብዛም አይበልጥም ነበር፤ የጤና እክል ግን ጨመረ። እንዲህ ባለ ሥራ ላይ መልቀቅን ስንፍና ማለት ሒሳብ የሚያውቅን ሰው መዝለፍ ነው።

መጋዘን ውስጥ ነገሩ ይበልጥ ያስፈራል። አንድ የፎርክሊፍት ነጂ የመደርደሪያውን ቋሚ ብረት ገጨው እንበል። ብረቱ ትንሽ ጎበጠ እንጂ አልወደቀም። ነጂው ቢናገር ይቀጣል፤ ዝም ቢል ማንም አላየውም። «ሆድ ይፍጀው» ብሎ ፓሌቱን ደርድሮ ይሄዳል፤ በጎበጠው ብረት ላይ ቶን የሚመዝን ጭነት ይከመራል። ይህ ሰው በግምገማ ላይ ፊቱ የበራ፣ ለትእዛዝ የማያንገራግር ሊሆን ይችላል። «እሺ ይበልጣል ከሺህ» የሚለው ተረታችን ለሽምግልና ደግ ነው፤ ለመጋዘን አደገኛ ነው። በሥራው ቦታ በጎ አመለካከት ያለው «ገጭቻለሁ፣ ጭነቱ ይውረድ» ብሎ ሥራውን የሚያስቆመው ነው። በአሜሪካ መጋዘኖች የሚሠሩ ወገኖቻችንም ያውቁታል፤ ስካነሩ የተነሣውን ዕቃ ይቆጥራል እንጂ የተነገረውን እውነት አይቆጥርም። ካሊፎርኒያ ከ2022 መጀመሪያ አንሥቶ ትልልቅ መጋዘኖች የሥራ ኮታቸውን በጽሑፍ እንዲያሳውቁና በኮታ ሰበብ የምግብ፣ የዕረፍትና የመጸዳጃ ጊዜ እንዳይነፍጉ በሕግ ያስገደደችው ሠራተኛውን «አመለካከትህን አስተካክል» ማለት እንዳልበቃ ስላየች ነው።

የፋብሪካና የመጋዘን ኃላፊዎችን አንድ ነገር እለምናለሁ። በሚቀጥለው ግምገማ «የአመለካከት ችግር» ሲባል ቃለ ጉባኤ ያዡ ብዕሩን አቁሞ ይጠይቅ፤ ባለፈው ወር ከሠራተኛ ከመጣው ቅሬታ ስንቱ መልስ አገኘ? የለቀቁትስ ሲለቁ ምን አሉ? መልስ ካለ እሱ ይጻፍ፤ ከሌለ ሐረጉ ይሰረዝ።