ዳትሰን 240ዜድ፦ እድሳትና የታሪክ ማስረጃ

ኒሳን በ1969 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀውን ዳትሰን 240ዜድ በግቢው የሚያድስ ሰው ዋና ጠላቱ ሞተሩ ሳይሆን ዝገት ነው። ባለ ስድስት ሲሊንደሩን 2.4 ሊትር ሞተርና ሁለቱን ካርቡሬተሮች ትዕግሥተኛ ሰው በተራ መፍቻ ይፈታቸዋል። የወለሉ ላሜራ ግን ከሥር ከተበላ ቆርጦ ከመበየድ በቀር መላ የለውም። በተወለደበት አገር በጃፓን ሕጉም አያግዝም፤ የቤንዚን መኪና 13 ዓመት ሲያልፈው ዓመታዊ ግብሩ ይጨምራል።

ታዲያ ምን ያህሉ ሲለወጥ መኪናው የዘመኑ ማስረጃ መሆኑ ያበቃል? ኒሳን ራሱ በ1990ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ አሮጌ 240ዜዶችን እንደ አዲስ አሳድሶ ሸጧል። ውብ ናቸው። እኔ ግን ዝገቱን ብቻ አስወግዶ ፀሐይ ያደበዘዘውን ቀለም ያልነካውን ባለቤት እመርጣለሁ፤ ኋላ የሚመጣ ተመራማሪ የፋብሪካውን ቀለም የሚያገኘው ከዚያ ነውና።